ካምቢዮው ሳይመረመር አይፈረድበት
(በሬዲዮ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ላነጋግራችሁ ያሰብሁት ስለ አንድ ትንሽ ዕቃ ነው። መጠኑ ከአውራ ጣት እምብዛም አይበልጥም። ይሁን እንጂ ይህ ትንሽ ዕቃ፥ ወይም ከእርሱ ጋራ የተያያዘ አንድ ቀጭን ሽቦ፥ ባጠፋው ጥፋት ውድ የሆነው የመኪና ክፍል እየተወነጀለ፥ ወር ጠብቆ ደመወዝ የሚቀበለው ሠራተኛ ለዓመታት ያጠራቀመው ገንዘብ በከንቱ ሲባክን ስላየሁ፥ ጉዳዩን በዝምታ ማለፍ ተገቢ መስሎ አልታየኝም። ዕቃው በአውቶማቲክ ካምቢዮ ላይ ተተክሎ ፍጥነትን የሚያስታውቀው ሴንሰር ነው።

ነገሩን ከሥሩ፥ ውኃውን ከጥሩ እንዲሉ፥ ይህን እንድናገር ካነሣሣኝ ታሪክ ልጀምር።

በመንግሥት መሥሪያ ቤት ብዙ ዘመን ያገለገለ አንድ ወዳጅ አለኝ። ዕቁቡ በወጣለት ጊዜ፥ በላዩም ተበድሮ፥ አንዲት አውቶማቲክ ቶዮታ ኮሮላ ገዛ። መኪናይቱ ከእርሱ በፊት በብዙ ሰው እጅ ያለፈች ብትሆንም፥ ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሶ በሰዓቱ ከሥራው ለመገኘት አላነሰችውም። አንድ የክረምት ጧት ግን ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ተነሥቶ የቸርችልን ጎዳና ቁልቁል ሲወርድ፥ የፍጥነት መለኪያው መርፌ ድንገት ዜሮ ላይ ወደቀ። ሞተሩ ጮኸ፤ መኪናይቱም ከኋላ በገመድ የተያዘች ያህል አንድ ጊዜ ተንገጫገጨች፤ ከዚያም በአንድ ማርሽ ላይ ተቸንክራ ቀረች። በሰሌዳውም ላይ አንድ ብጫ መብራት በራ። ከኋላው ይመጣ የነበረው ሚኒባስ ሳይገጨው ያለፈው ለጥቂት ነው።

ወዳጄ እንደ ምንም አዝግሞ መኪናይቱን ከአንድ ጋራዥ አደረሳት። በዚያ ያገኘው ሰው በሰፈሩ አንድ ዙር ካዞራት በኋላ፥ ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት፥ «ካምቢዮው አልቋል፤ በሌላ መለወጥ አለበት» ሲል ፈረደ። የተጠየቀውም ገንዘብ ወዳጄ በዓመት ከሚያገኘው ደመወዝ የሚበልጥ ነበር። በማግሥቱ ማታ ብድር ሊጠይቀኝ ከቤቴ መጣ። «ወንድሜ፥ ገንዘቡን ከየትም ፈልጌ አበድርሃለሁ፤ ነገር ግን ካምቢዮውን የመረመረው ማን ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። ለዚህ ጥያቄዬ መልስ አልነበረውም።

ስለዚህ በማግሥቱ ሁለታችን አንድ አዛውንት የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ፍለጋ ወደ ፒያሳ ሄድን። ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት፥ በ2016 ዓ.ም. በዚያ አካባቢ ብዙ የቈዩ ቤቶች ፈርሰዋል፤ በዚሁ ዓመት በየካቲት ወርም የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተመርቆ ተከፍቷል። አዛውንቱም ከቀድሞው ቦታቸው ተነሥተው ስለ ነበር፥ ያገኘናቸው ጥቂት ሰዎችን ከጠየቅን በኋላ ነው።

ስለ ፒያሳ ካነሣሁ አንድ ነገር ጨምሬ ልለፍ። በ1900 ዓ.ም. ቤዴ ቤንትሊ የተባለው እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ ለዐፄ ምኒልክ አውቶሞቢል ይዞ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ፥ አራዳ የከተማይቱ ዋና ገበያ ነበረ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በኢጣልያ ወረራ ዘመን ገበያው ወደ ምዕራብ ተዛወረ፤ ሥፍራው ግን በኢጣልያንኛ አደባባይ ማለት የሆነውን ፒያሳ የሚለውን ስም ይዞ ቀረ። ካምቢዮ፥ ፍሪሲዮን፥ ካንዴላ፥ ጎሚኒ፥ ኮፈን የምንላቸውም ቃላት ሁሉ ከዚያው ቋንቋ የመጡ ናቸው። ስሞቹን ተቀብለን የራሳችን አድርገናቸዋል። የዕቃዎቹን ጠባይ ማወቅን ግን ለመካኒክ ብቻ ትተን፥ እኛ ባለቤቶቹ የምናውቀው የሚከፈለውን ሒሳብ ብቻ ሆነ። የዛሬው ንግግሬ ይህን ጕድለት በጥቂቱ ለመሙላት ነው።

አውቶማቲክ ካምቢዮ ማርሽ የሚለውጠው በራሱ ነው እንላለን። እውነቱን ለመናገር ግን ካምቢዮው በራሱ የሚያውቀው ምንም ነገር የለም። በቀድሞዎቹ አውቶማቲክ መኪኖች የማርሹን መለወጫ ጊዜ የሚወስነው በዘይት ግፊት የሚሠራ መቆጣጠሪያ ነበር፤ የፍጥነት መለኪያውንም መርፌ የሚያንቀሳቅሰው ከካምቢዮው የሚነሣ፥ በውስጡ የሚሽከረከር የሽቦ ገመድ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1980ዎቹ ወዲህ ግን ይህ ሥልጣን እየተላለፈ ለኮምፒውተር ተሰጠ። ኮምፒውተሩም እንደ ዳኛ ነው። ዳኛ ከወንበሩ ሳይነሣ በምስክር ቃል እንደሚፈርድ፥ ይህም ከተሸሸገበት ሣጥን ሳይወጣ፥ ሴንሰሮች በሚሰጡት ቃል መሠረት «አሁን ሦስተኛ ግባ፤ አሁን ወደ ሁለተኛ ተመለስ» እያለ ያዝዛል። ምስክሩ ከሳተ፥ ዳኛው የቱን ያህል ትክክለኛ ቢሆን ፍርዱ ይሳሳታል።

ምስክሩ ቃሉን የሚሰጠው እንዴት ነው? የተለመደው ዐይነት ሴንሰር በውስጡ ማግኔት አለው፤ በማግኔቱም ዙሪያ እንደ ጠጕር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ብዙ ጊዜ ተጠምጥሟል። ከፊቱ ጥርስ ያለው የብረት መንኰራኵር ይዞራል። አንድ ጥርስ ባለፈ ቍጥር በሽቦው ውስጥ አንድ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞገድ ይነሣል። መንኰራኵሩ ሲፈጥን ሞገዱ ይበዛል፤ ሲዘገይም ያንሳል። ኮምፒውተሩ ሞገዶቹን እየቈጠረ ፍጥነቱን ያውቃል። ይህ ዐይነት ሁለት ሽቦ ብቻ አለው። ሌላው ዐይነት በ1879 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ክሥተቱን ባገኘው አሜሪካዊ በኤድዊን ሆል ስም ሆል ሴንሰር የሚባለው ነው። ይህኛው ኤሌክትሪክ የሚቀበለው ከመኪናው ስለ ሆነ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ሽቦዎች አሉት፤ አንዱ ኤሌክትሪክ የሚገባበት፥ ሁለተኛው ወደ አካል የሚመለስበት፥ ሦስተኛው ቃሉን የሚያስተላልፍበት ነው።

በብዙ ካምቢዮዎች ላይ እንዲህ ያሉ ሁለት ምስክሮች ቆመዋል። አንዱ ከሞተሩ በኩል ወደ ካምቢዮው የሚገባውን ዙር፥ ሌላው ከካምቢዮው ወደ ጎማው የሚወጣውን ዙር ይናገራል። ኮምፒውተሩ ሁለቱን ቃል አስተያይቶ ማርሹ በትክክል መግባቱን ያረጋግጣል። ከሁለቱ አንዱ ዝም ያለ ወይም የዘባረቀ እንደ ሆነ፥ ኮምፒውተሩ የባሰ ጕዳት እንዳይደርስ ብሎ ካምቢዮውን በአንድ ማርሽ ላይ ያሥረዋል። በወዳጄ መኪና ላይ የሆነው ይኸው ነው። መርፌ መውደቅ፥ ማርሽ ሲገባ መንገጫገጭ፥ ያለ ጊዜው ማርሽ መለወጥ፥ የብጫው መብራት መብራት፥ በአንዳንድ የቈዩ ቶዮታዎችም «ኦ/ዲ ኦፍ» የሚለው መብራት ብልጭ ድርግም ማለት የዚህ ጕድለት ምልክቶች ናቸው።

ነገር ግን፥ አድማጮቼ፥ ክፋቱ እዚህ ላይ ነው። ከእነዚህ ምልክቶች የሚበዙት በውስጡ በእውነት ያለቀ ካምቢዮም የሚያሳያቸው ናቸው። ራስ ምታት የጕንፋንም የወባም ምልክት እንደሚሆን ሁሉ፥ መንገጫገጭን ብቻ አይቶ የሚፈርድ ሰው የሚናገረው በግምት ነው። እውነቱን ከግምት የሚለየው ምርመራ ነው፤ ምርመራውም ቅደም ተከተል አለው። አዛውንቱ ባለሙያ በፊታችን የፈጸሙትን እንዳየሁት እነግራችኋለሁ።

አንደኛ፥ እጃቸውን ወደ መሣሪያ ከመስደዳቸው በፊት ወዳጄን ብዙ ጠየቁት። መኪናይቱ ስትታመም ሞተሩ ሞቆ ነበር ወይስ ቀዝቅዞ? መርፌው የወደቀው ከመንገጫገጩ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ዝናብ ነበረ? በቅርቡ ላቫጆ ገብታ በግፊት ውኃ ታጥባ ነበር? ወዳጄ መርፌው አስቀድሞ መውደቁን፥ መኪናይቱም በዋዜማው ከሥር ጭምር መታጠቧን አስታወሰ። «መልካም ነው፥ ልጄ፤ የመርፌውና የመንገጫገጩ ተከታትሎ መምጣት የሚነግረን ነገር አለው» አሉት።

ሁለተኛ፥ የካምቢዮውን ዘይት በመለኪያው ዘንግ አውጥተው በነጭ ጨርቅ ላይ ጠረጉት። ዘይቱ መጠኑን የጠበቀ፥ መልኩም ቀይ ነበር። ዘይቱ ጠቍሮ፥ የተቃጠለ ነገር ሸትቶ፥ የብረት ብናኝም አብልጭልጮበት ቢሆን ኖሮ፥ ነገሩ ወደ ካምቢዮው ውስጥ ባመራ ነበር። መጠኑ ጐድሎ ቢገኝም፥ ሌላው ሁሉ ከመደረጉ በፊት የሚፈስበትን ፈልጎ መሙላት ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፥ የመመርመሪያ ማሽናቸውን ከመሪው በታች ባለው ሶኬት ላይ ሰኩ። ይህ ባለ 16 ቀዳዳ ሶኬት በአሜሪካ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1996 ጀምሮ በተሸጡ መኪኖች ሁሉ ላይ እንዲኖር የታዘዘ ነው፤ በአውሮፓም ከ2001 ጀምሮ በቤንዚን መኪኖች ላይ ተደንግጓል። ማሽኑ ፒ-0720 የሚል ምልክት አወጣ። ፒ-0720 የመውጫውን ዙር፥ ፒ-0715 የመግቢያውን ዙር፥ ፒ-0500 ደግሞ የመኪናውን ፍጥነት የሚናገረውን ሴንሰር ይመለከታል። አዛውንቱም ቍጥሩን ሳይሰርዙ በወረቀት ጻፉት።

አራተኛው ደረጃ ከሁሉ የሚበልጠው ነው፤ ስለዚህ ልብ ብላችሁ ስሙኝ። አዛውንቱ ወዳጄን በመሪው ላይ አስቀምጠው፥ እርሳቸው ከጎኑ ሆነው፥ መኪና በማይበዛበት መንገድ ላይ ሁለቱ ሴንሰሮች የሚሰጡትን ቃል በማሽኑ መስተዋት ላይ ይመለከቱ ጀመር። እንበልና በአንድ ማርሽ ላይ የካምቢዮው ሬሾ ሁለት ለአንድ ነው። የመግቢያው ዙር በደቂቃ 2000 ሲሆን፥ የመውጫው 1000 መሆን ይገባዋል። አሁን ሁለት ነገር ሊታይ ይችላል። የመውጫው ቍጥር 1000፥ ዜሮ፥ እንደ ገና 1000 እያለ የሚዘልል ከሆነ፥ ምስክሩ ተሳስቷል ማለት ነው፤ በእኩል ፍጥነት የሚሄድ መኪና በቅጽበት ቆሞ በቅጽበት ሊነሣ አይችልምና። ሁለቱም ቍጥሮች ሳይዘልሉ ቢቈዩና፥ ማርሹ ሙሉ በሙሉ ከገባ በኋላ ነዳጅ ሲረገጥ የመግቢያው ወደ 2600 ሲወጣ የመውጫው ግን በ1000 ቢቀር፥ ያን ጊዜ ምስክሮቹ እውነተኞች ናቸው፤ የሚንሸራተተው ካምቢዮው ራሱ ነው። እንግዲህ በአንድ ዓመት ደመወዝና በአንድ ክንድ ሽቦ መካከል ያለውን ልዩነት የሚለየው ይህ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። በወዳጄ መኪና ላይ የታየው የፊተኛው ነበር፤ ቍጥሩ ይዘልል ነበር።

በዚህ ጊዜ ወዳጄ በደስታ ዘሎ፥ «እንግዲያስ ጋሼ፥ ሴንሰሩን እንለውጠውና እንገላገል!» አለ። አዛውንቱ ግን፥ «ልጄ፥ ማሽኑ የከሰሰው መስመሩን ነው እንጂ ሴንሰሩን ብቻ ለይቶ አይደለም፤ ነገ ና፥ መስመሩን ልለካው» አሉት። ወዳጄ ትዕግሥት አጣ። በዚያው ቀን ሴንሰር ገዝቶ በሌላ ሰው አስገጠመ። ሁለት ቀን ደኅና ሄደ። በሦስተኛው ቀን፥ በዚያው በቸርችል ቁልቁለት፥ መርፌው እንደ ገና ወደቀ። አፍሮ ተመለሰ።

አዛውንቱ አንድ ቃል እንኳ ሳይናገሩት አምስተኛውን ደረጃ ጀመሩ። ቍልፉን አጥፍተው የሴንሰሩን ሶኬት ነቀሉ። በውስጡ ውኃ ነበረ፤ ከብረት ጥርሶቹም አንዱ አረንጓዴ ዝገት ይዞ ነበር። በቴስተር የሴንሰሩን ጥምጥም ለኩ። ባለ ሁለት ሽቦው ዐይነት እንደ መኪናው ሥሪት ከጥቂት መቶ እስከ ጥቂት ሺህ ኦም ያሳያል፤ ትክክለኛው ልክ በመኪናው የጥገና መጽሐፍ ተጽፏል። አዲሱም አሮጌውም ሴንሰር በልካቸው ተገኙ። ከዚያ በኋላ ሶኬቱን መልሰው ሰክተው፥ በኮምፒውተሩ በኩል ካለው ጫፍ እየለኩ፥ ሽቦውን በየክንዱ ቀስ ብለው ያወዛውዙት ጀመር። ከብረት መያዣው አጠገብ ሲደርሱ ቍጥሩ ጠፋ። ሲለቁት ተመለሰ። የሽቦው ልባስ ደኅና ይመስል ነበር፤ ከውስጥ ግን መዳቡ ከብረቱ ጋራ በመፋተግ ተበጥሶ፥ መኪናይቱ ስትንቀጠቀጥ እየተገናኘና እየተለያየ ይኖር ነበር። ካምቢዮው ንጹሕ፥ ሴንሰሩም ንጹሕ ሆነው ተገኙ። በደለኛው መልእክቱ የሚያልፍበት መንገድ ነበር።

አንድ ስንዝር ሽቦ ተቈርጦ በአዲስ ተተካ፤ ሶኬቱ ተጠርጎ ደረቀ፤ የተጻፈው ቍጥር ከማሽኑ ተሰረዘ፤ መኪናይቱም በዚያው ቁልቁለት ተፈተነች። ቍጥሩ አልተመለሰም። ጥገና ተፈጸመ የሚባለው ከዚህ ፈተና በኋላ ነው እንጂ መብራቱ ስለ ጠፋ ብቻ አይደለም፤ መብራትን በማሽን ማጥፋት ማንም ይችላልና።

ከዚህ በላይ ለተናገርሁት ጥቂት ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ሆል ሴንሰርን እንደ ባለ ሁለት ሽቦው በኦም መለካት ዋጋ የለውም፤ የሚመረመረው ኤሌክትሪክ እየደረሰው መሆኑንና ጥርሱ ሲያልፍ ቃሉ መለወጡን በማየት ነው። ሴንሰሩ ሲወጣ በማግኔቱ ጫፍ ላይ የተጣበቀ የብረት ብናኝ ይታይ፤ እንደ ደቃቅ ጭቃ ያለ ጥቂት ብናኝ ተጠርጎ ቢመለስ ይበቃል፤ ስባሪ ብረት ከተገኘ ግን ካምቢዮው ራሱ እየተበላ ነው። ሲመለስም ጎሚኒው በአዲስ ይተካ፤ ያለዚያ ዘይት ያፈስሳል። ደግሞም በብዙ አዳዲስ መኪኖች የፍጥነት መለኪያው ቃሉን የሚቀበለው ከካምቢዮው ሳይሆን በጎማዎቹ አጠገብ ካሉት የፍሬን ሴንሰሮች ነው፤ ስለዚህ መርፌ በወደቀ ቍጥር የካምቢዮውን ሴንሰር መክሰስ ሌላ ስሕተት ነው። መኪናን በክሪክ ብቻ አንሥቶ፥ ጎማው እየዞረ ከሥሩ ገብቶ መለካትም ነፍስን ለሞት መስጠት ነው፤ ይህን ለባለሙያ ተዉት።

ካምቢዮ ሁልጊዜ ንጹሕ ነው ማለቴም እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ዘይቱ ተቃጥሎ፥ ስባሪ ብረትም ተገኝቶ፥ ምስክሮቹ ሳይዘባርቁ ቍጥሩ አልስማማ ካለ፥ ፍርዱ ትክክል ነውና የነገራችሁን መካኒክ አትቈጡት። እንዲህ ያለው ሰው ሥራውን አክባሪ ነው። እኔ የምቃወመው ፍርድ ከምርመራ ሲቀድም ብቻ ነው።

ይህ ጉዳይ ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ ያሳስባል። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ማስታወቁን ታስታውሳላችሁ። እንግዲህ በእጃችን ያሉት አሮጌ ኮሮላዎችና ቪትዞች ብዙ ዘመን እንዲያገለግሉን የምንፈልግ ከሆነ፥ ደኅናውን ካምቢዮ አውጥቶ ጠባዩ ያልታወቀ ሌላ አሮጌ ካምቢዮ ማስገባት ገንዘብ ማባከን ብቻ ሳይሆን፥ ያለንንም ማጣት ነው።

ስለዚህ ወደ ጋራዥ ስትሄዱ አራት ጥያቄ ይዛችሁ ሂዱ። የዘይቱ መጠንና መልክ ምን ይመስላል? ማሽኑ ያወጣው ቍጥር ስንት ነው? መኪናው እየሄደ የሁለቱ ሴንሰሮች ቃል ተስተያይቷል? ሽቦውና ሶኬቱስ ተለክቷል? እነዚህን በትሕትና ጠይቁ። ዐዋቂ ባለሙያ ስትጠይቁት ደስ ይለዋል፤ የሚያሳየው ሥራ አለውና። የሚቈጣችሁ ቢሆን ግን ቍልፋችሁን ተቀብላችሁ ወደ ሌላ ሂዱ። እንደ እኔ አስተያየት ዛሬ የአራዳ ልጅ የሚባለው በዋጋ የሚከራከረው ሳይሆን፥ ከዋጋው በፊት ምክንያቱን የሚጠይቀው ነው።

መኪናችሁም በመንገድ ላይ እንዲህ ያለ ጠባይ ያሳየቻችሁ እንደ ሆነ፥ መድረስ ያለብኝ ሰዓት አለ ብላችሁ በቁልቁለት አትታገሏት። ጥግ አስይዛችሁ አቁሙ። ከሥራ ሰዓት ዘግይቶ መድረስ በይቅርታ ይታለፋል።

ወዳጄ በዚያን ሰሞን ሊበደረኝ የነበረውን ገንዘብ አልተበደረኝም። ለአዛውንቱ የከፈለው ያለ ብድር ከወር ደመወዙ የሚወጣ ነበር። ያለ ምርመራ የገዛው ሴንሰር ግን እስከ ዛሬ በጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል፤ ባየው ቍጥር ይስቃል።